የበዓል ፈንዲሻና የቀለሙ ነገር

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)



ከእኔ የተማሩና የተሻሉ ተናጋሪዎች ባሉበት አዳራሽ ለአንድ ባለ ሱቅ መድረክ ስለሰጣችሁ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። የዝግጅት ኮሚቴው «ስለ ምን ትናገራለህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ስለ ፈንዲሻ» አልኩ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነገር ግን ቀልዴን አልነበረም። በሱቄ መሳቢያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያስቀመጥኳት አንዲት ባዶ ላስቲክ አለች። የዛሬው ንግግሬ የእርሷ ታሪክ ነው።

ፈንዲሻን እዚህ ላለነው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ቡና ሲፈላ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጤሳል፣ ፈንዲሻም በሰፌድ ሙሉ ይቀርባል። እኔ ባደግሁበት ቤት እናቴ መጀመሪያ እፍኝ አንሥታ ቄጤማው ላይ ትበትን ነበር፤ እኛ ልጆች ደግሞ ከቄጤማው መሐል እየለቀምን እንበላ ነበር። ቀለሙ ነጭ፣ ማጣፈጫውም ጨው፣ ቢበዛ ትንሽ ስኳር ነው። በቆሎን አባቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ይሉት የነበረው ከባሕር ማዶ የመጣ እህል ስለሆነ ነው። የመነጨው በአሜሪካ ምድር ነው፤ በፔሩ የባሕር ዳርቻ ከ6000 ዓመት በፊትም ሰዎች ፈንዲሻ ይበሉ እንደነበር በቁፋሮ ታውቋል። እንግዲህ እርሱም እንደ እኛ ስደተኛ ነው። ቡናችን አጠገብ ከተቀመጠ በኋላ ግን ቤተኛ ሆነ።

እዚህ ፓርክላንድስ ልጆቻችን የሚያድጉት በቀለም መካከል ነው። ሕንዶች ጎረቤቶቻችን በዲዋሊ ሰሞን ጣፋጮቻቸውን በአረንጓዴ፣ በብርቱካንና በሮዝ ቀለም ደርድረው ሲያወጡ ዓይን ይማርካል። የልደቱ ኬክም፣ በየመዝናኛው የሚሸጠው ጥጥ ከረሜላም እንዲሁ ነው። ልጆቻችን ከዚያ መጥተው ነጩን ፈንዲሻ ሲያዩ «ይኼማ ቢሲ ነው፣ ትምህርት ቤትም አለ» ብለው ወደ ቴሌቪዥናቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ አንዳንድ እናቶቻችን ለእንቁጣጣሽና ለገና ፈንዲሻውን በስኳር እያነጠሩ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ማድረግ ጀመሩ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ልጁ በቀለሙ ተስቦ ይምጣ፣ መጥቶም ከቡናው ዘንድ ይቀመጥ፣ ቋንቋውን ይስማ ነው ነገሩ።

ከዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ በፊት ለገና ዋዜማ አንዲት እህታችን ወደ ሱቄ መጥታ «ጋሼ፣ ለፈንዲሻ የሚሆን ቀይ ቀለም አለህ?» አለችኝ። ነበረኝ። ከአንድ አዟሪ በርካሽ የገዛሁት፣ በትንንሽ ላስቲክ የታሰረ ደማቅ ሮዝ ዱቄት ነበር። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የምጣድ ጫፍ ሲነካው እንኳ የሚያበራ ቀለም ነበርና ደንበኛ ይወደዋል ብዬ ብቻ ነው የያዝኩት። ሸጥኩላት፤ «ትንሽ ይበቃሻል» ብዬም መከርኳት፣ እንደሚያውቅ ሰው።

በበዓሉ ማግስት የአምስት ዓመት ልጇ ሲያስመልሰውና ሰውነቱ ሲያብጥ አድሮ ሐኪም ቤት ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን በሦስተኛው ቀን ድኖ ወጣ። ምላሱና ከንፈሩ ግን ገና ሮዝ ነበር። ሐኪሙ «ምክንያቱ ይኼ ቀለም ነው» ብሎ አልደመደመም፤ እኔም ዛሬ ቆሜ ነው ብዬ አልምልም። እናቲቱም ልትከሰኝ አልመጣችም። ባዶዋን ላስቲክ ይዛ መጥታ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ሐኪሙ ምን እንደበላ ጻፊልኝ አለኝ። እስቲ አንብብልኝ፣ ምን ይላል?» አለችኝ። ወዲህ ገለበጥኩት፣ ወዲያ ገለበጥኩት። አንድም ፊደል የለበትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው የማነበው አጣሁ። ወገኖቼ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የቀረውን ዱቄት ደፋሁት፤ ላስቲኳን ግን እንዳልረሳ አስቀመጥኳት።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ ጀመርኩ። ለጨርቅና ለወረቀት የሚሠራ ቀለም ለምግብ ከሚሆነው በዓይን አይለይም። እንዲያውም የጨርቁ ብዙ ጊዜ ይደምቃል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ሮዳሚን ቢ የሚባለው ሮዝ ቀለም አንዱ ነው። በሕንድ አገር ታሚል ናዱና ካርናታካ የተባሉት ክፍላተ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2024 ይኼ ቀለም ያለበትን ጥጥ ከረሜላ ከልክለዋል። በሕግ የተፈቀደውም ቢሆን እንደገና ይመረመራል። አሜሪካኖች ለብዙ አሥርት ዓመታት በከረሜላ ውስጥ ሲገባ የኖረውን ቀይ ቁጥር 3 የተባለ ቀለም ፈቃድ የሰረዙት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ነው። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። የታሸገ፣ ስሙና አምራቹ የተጻፈበት፣ የኬንያ የደረጃዎች ቢሮ ምልክት ያለበት የምግብ ቀለም ሱቄም አለ፤ ጥቂት ጠብታ መጠቀም ትችላላችሁ። ስም የሌለውን ግን ከእኔም ቢሆን አትግዙ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቀለሙን ከገበያና ከጓዳ ማውጣት ተማርኩ። ያስተማሩኝም አንዲት ጉጅራቲ ጎረቤቴ ናቸው፤ በሆሊ በዓል እሳቱ ዘንድ የፈካ እህል ይዘው የሚሄዱ እናት ናቸውና ፈንዲሻ ለእርሳቸውም የበዓል ነገር ነው። «ቢጫ ከፈለግህ እርድ አለልህ፣ ምን ትዞራለህ?» አሉኝ። እንዲህ ነው የምሠራው፤ መጻፍ የሚፈልግ ይጻፍ።

አንደኛ፣ በቆሎው። ለኡጋሊ የሚፈጨው ነጭ በቆሎ አይፈካም፤ ለፈንዲሻ የተለየ ዘር ነው። ፍሬው ውስጥ ከመቶ 14 እጅ ገደማ ውኃ አለ። ሙቀቱ ወደ 180 ዲግሪ ሲደርስ ያ ውኃ እንፋሎት ሆኖ ጠንካራውን ቅርፊት ይፈነዳዋል። ብዙ ዓመት የቆየ ፍሬ ስለደረቀ ምጣድ ላይ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን በክዳን ጠርሙስ አድርጋችሁ አንድ ማንኪያ ውኃ ጨምሩበት፤ እየነቀነቃችሁ ሁለትና ሦስት ቀን አቆዩት፤ ወዲያው ፈንዱት። ለምለም አድርጋችሁ አታስቀምጡት፣ ይሻግታል። እዚህ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቁ ክፍል የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። የሻገተ እህል ለበዓልም፣ ለምንም አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ስኳሩ። ለ100 ግራም ፍሬ 200 ግራም ስኳር፣ ሲሶ ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ፣ በጾም ዘይት፣ ትንሽ ጨው። ፈንዲሻውን ፈንድታችሁ ያልፈካውን ፍሬ ልቀሙ፣ ጥርስ ይሰብራል። ስኳሩን አማስላችሁ አፍሉት። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጠብ ስታደርጉት ጠንክሮ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርሷል። አጣድፋችሁ ካወጣችሁት ፈንዲሻው ይላላል፣ በእጅም ይጣበቃል። ከማውጣታችሁ በፊት ልጆችን ከምድጃው አርቁ። የፈላ ስኳር ከፈላ ውኃ ይብሳል፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ቀለሙ። ለቢጫው ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ቅቤው ውስጥ በጥብጡ፤ እርድ ሙቀት ይችላል። አንዳንዱ ሰው ስኳሩ እንዲቀልል ቤኪንግ ሶዳ ይጨምራል። እርድ ካለበት አትጨምሩ፤ ቢጫው ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጥባችኋል። እኔ ሁለት ድስት ሙሉ እንዲህ ካበላሸሁ በኋላ ነው ያወቅሁት። ለቀዩ ከሲቲ ፓርክ ገበያ ቀይ ሥር ገዝታችሁ ፍቁት፤ በፀሐይ አድርቃችሁ ወቅጡት፣ ንፉት። ቀይ ሥር ግን ሙቀት ይፈራል፤ ከስኳሩ ጋር ካፈላችሁት ይጠቁራል። ስለዚህ በስኳር የተለወሰው ፈንዲሻ በረድ ብሎ ገና ሲጣበቅ ዱቄቱን ላዩ ላይ ነስንሱት። ለአረንጓዴው ሽፈራው ይበቃናል። የኮንሶና የአርባ ምንጭ ሰዎች ምግባቸው ነው፤ እዚህም ሞሪንጋ እየተባለ በዱቄት ይሸጣል። እርሱንም በላዩ ላይ በስሱ ነስንሱ፤ ከበዛ ሣር ሣር ይላል።

በመጨረሻ እጃችሁን ቅቤ ቀብታችሁ እንቁላል በሚያህል መጠን አድቦልቡሉት። ይህ ሥራ የልጆች ነው። ሲቀዘቅዝ በሚገጠም ቆርቆሮ አስቀምጡት፤ በዝናብ ወራት ሜዳ ላይ ካደረ ይልሞሰሞሳል። ከአራት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ግን ፈንዲሻ አትስጡ፣ ያንቃቸዋል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይኼ ቀለም እንደ ሱቅ ቀለም አይደምቅም። ቀዩ ወደ ሮዝ ያደላል፣ አረንጓዴው የደረቀ ሣር ይመስላል። መጀመሪያ ለእንቁጣጣሽ ስሠራ የራሴ ልጅ «አባዬ፣ ባንዲራችን ታጥቦ ነው እንዴ?» ብላ አሳቀችን። ግን አብራኝ ስለወቀጠችው አንድም አልተረፈም። እግረ መንገዷንም እርድ፣ ቀይ ሥር፣ ሽፈራው፣ ወንፊት የሚሉ ቃላትን ተማረች። ከሱቅ የታሸገ ብገዛላት ኖሮ ከእነዚህ ቃላት አንዱንም አትሰማም ነበር።

ያ ሮዝ ምላስ የነበረው ልጅ ዛሬ ሙሉ ሰው ሆኗል። እናቱ እስካሁን ደንበኛዬ ናት። አንድም ቀን አላነሣችብኝም፤ እኔ ግን ይቅርታ መጠየቄን ለራሷ እንጂ በሕዝብ ፊት አድርጌው አላውቅም ነበር። ዛሬ በማኅበራችን ኢዮቤልዩ ላይ አደረግሁት።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከሚመጣው እንቁጣጣሽ ጀምሮ ቡናው በሚፈላበት ጥግ ለልጆች አንድ ጠረጴዛ ይዘጋጅ። ፍሬውንና ስኳሩን እኔ አመጣለሁ። እናቶች ስኳሩን ያነጥሩ፣ ልጆች ያድቦልቡሉ። እኛ አባቶችም ከፖለቲካው ወሬ ትንሽ ዕረፍት ወስደን ቀይ ሥር እንውቀጥ። ማኅበራችን ነገም የሚኖረው እነዚህ ልጆች ከሰፌዱ ዙሪያ ሲቀመጡ ነው፤ ሰፌዱ ላይ የምናቀርብላቸውንም ስሙን የምናውቀው ይሁን።