ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ፣ በጠጠር ላይ

የጠጠር ላይ ብስክሌት የሚባለው ከአስፋልት ወጥቶ በገረጋንቲ፣ በጥርጊያና በኮረኮንች መንገድ ረጅም ርቀት መጓዝን ዓላማው ያደረገ ስፖርት ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 በሰሜን ጣሊያን፣ በቬኔቶ፣ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና እስካካሄደለት ጊዜ ድረስ ብዙዎች የጀብደኞች መዝናኛ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ብስክሌቱ በመልኩ የአስፋልት ውድድር ብስክሌትን ይመስላል፤ መሪው እንደዚያኛው ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ጎማው ግን እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋና አየሩም ላላ ተደርጎ ስለሚሞላ፣ ድንጋይ ሲያጋጥመው ከመንጠር ይልቅ ተለጥጦ ያልፈዋል፤ ማርሹም ጭነት ይዞ ዳገት በዝግታ ለመውጣት እንዲያመች ሆኖ የተሠራ ነው።

አንዳንድ ነጂዎች የሚመርጡት ተራራና የባሕር ዳርቻ የተጎራበቱበትን አገር ነው። ወልቂጤና ቡታጅራ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር የሚገኙት ሁለቱ የጉራጌ ከተሞች፣ በዚህ መስፈርት ከተመዘኑ ገና ከጅምሩ ይወድቃሉ፤ ሁለቱም ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸውና። ነገር ግን በመካከላቸው የተዘረጋው የጉራጌ ተራራ ከውሃ ጋር ያለው ዝምድና ከየትኛውም የባሕር ዳርቻ የማያንስ ታሪክ አለው። ተራራው የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው፤ ተፋሰስ ማለት በላዩ የወረደው ዝናብ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ የሚሄድበት የመሬት ስፋት ነው። በምሥራቁ ገጽ፣ ማለትም በቡታጅራ በኩል፣ የወረደው ዝናብ በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ከዝዋይም በቡልቡላ ወንዝ ተሻግሮ መውጫ ወደሌለው አብያታ ይደርሳል። በምዕራቡ ገጽ፣ በወልቂጤ በኩል፣ የወረደው ደግሞ በዋቤ ወንዝ (ከዋቢ ሸበሌ ጋር ስሙ ብቻ እንጂ ውሃው አይገናኝም) ወደ ጊቤ፣ ከጊቤም ወደ ኦሞ ሄዶ በቱርካና ሐይቅ ይቀራል። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ ሰው በመልካ ቁንጥሬ የሚሻገረው አዋሽ እንኳ መጨረሻው አቤ ሐይቅ ነው። እንግዲህ የተራራውን ጫፍ በብስክሌት የሚሻገር ሰው፣ ከኋላውም ከፊቱም ያለው ውሃ ውቅያኖስን የማያይበትን ወሰን ይሻገራል ማለት ነው።

በዚህ አገር የመንገድ ነገር ከብስክሌት በፊት የተጻፈ የራሱ ታሪክ ስላለው፣ ስለ ጠጠሩ ከመነገሩ በፊት ስለ ሠሪዎቹ ማንሣት ተገቢ ነው። ጉራጌ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ በእግሩ ሲመላለስ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ለመስቀል ወደ ቤቱ የሚመለሰውም በዚያው በእግሩ ነበር። በከተማው በንግድ የጠነከሩት ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ማኅበራትን አቋቋሙ፤ ከእነዚህም አንዱ ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት የተነሣው ማኅበር ነበር። ማኅበሩ የሥነ ሰብእ ምሁሩ ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 በለንደን ላቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ርእስ እስከመሆን ደርሷል። የመንግሥትን አስፋልት ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ ጠጠሩን በራስ መዋጮ መዘርጋት፣ ለብዙ አካባቢ የሩቅ ሐሳብ በነበረበት ዘመን፣ በዚህ አገር የተለመደ ሥራ ነበር። ጠጠር መንገድን ያልተጠናቀቀ አስፋልት አድርጎ የሚያይ አስተያየት በጉራጌ ላይ የማይሠራውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ከማኅበራቱም በፊት ጀፎረ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ጀፎረ የሚባለው በመንደሩ መካከል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ፣ እጅግ ሰፊ የጋራ መንገድ ሲሆን፣ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እርሱ ያዞራሉ፤ የእንሰቱ ተክል ደግሞ በየቤቱ ጓሮ ይቆማል። ስፋቱ ለመኪና ታስቦ የተተወ አይደለም። በጀፎረ ላይ ከብት ይግጣል፣ ልጆች ይጫወታሉ፣ የመስቀል በዓል ይደምቃል፣ ሠርገኛ ያልፍበታል፣ ለቅሶ ይቆምበታል፤ ማንም ሰው አጥሩን ወደ ፊት ገፍቶ ከሣሩ አንድ ክንድ እንዳይወስድ የሚጠብቀው ባህላዊ ሕግ ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ይህን የመሰለውን የጋራ ነገር በሚዳኝ ሥርዓቱ ይታወቃል። ለብስክሌት ነጂው ጀፎረ በሁለት መልኩ ይታያል፤ በአንድ በኩል፣ አቧራ የሌለው፣ ጎማ የማይቀጣ፣ ከሰዓታት ኮረኮንች በኋላ ወገብ የሚያሳርፍ ምንጣፍ ነው፤ በሌላ በኩል ግን የሰው ግቢ ያህል የተከበረ ስፍራ ስለሆነ፣ ለቅሶ ወይም ሠርግ ባለበት ከኮርቻ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፉ ማለፍ ግድ ይላል፤ ክረምት ላይ ሣሩ በረጠበ ጊዜም ጎማ የሚቀድደው መስመር ለወራት ስለሚታይ፣ መንገዱ ለጎማ ከመከፈቱ በፊት የመንደሩ ሽማግሌዎች መጠየቅ አለባቸው። አንዳንድ የብስክሌት መስመር አውጪዎች ይህን ጥያቄ ይዘሉታል፤ ካርታው ላይ መንገድ ከታየ መንገድ ነው ይላሉ።

ጠጠር መንገድ ራሱ እንዴት እንደሚኖርና እንዴት እንደሚሞት ማወቅ ለነጂው ከካርታ ይበልጣል። ገረጋንቲ፣ ማለትም ከጠጠርና ከማጣበቂያ አፈር የተደባለቀው የመንገድ ልባስ፣ ጥንካሬውን የሚያገኘው ደቃቁ አፈር ድንጋዮቹን አንድ አድርጎ ስለሚይዝ ነው። በበጋ ይህ ደቃቅ አፈር በመኪና ጎማ እየተነሣ አቧራ ሆኖ ይበናል፤ የቀረው ድንጋይም መያዣ አጥቶ ይንከባለላል። ክብደት ያላቸው ጎማዎች በፍጥነት ሲመላለሱ ደግሞ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ጣራ ይሸበሸባል፤ አንድ ጊዜ ትንሽ ጉብታ ከተፈጠረ ጎማው ከእርሷ ላይ ዘሎ ሲያርፍ ቀጣዩን ጉድጓድ ስለሚቆፍር፣ ሽብሽቡ ራሱን በራሱ ያባዛል። ከዚያም ግሬደር መጥቶ እስኪያስተካክለው ድረስ የብስክሌት ነጂው ዕድል የመንገዱ ጠርዝ፣ የሰው እግርና የአህያ ኮቴ ያለሰለሰው ቀጭን መስመር ነው።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት በአየር ከ70 ኪሎ ሜትር ያን ያህል አይርቅም፤ ተራራው ግን ይህን ቁጥር ትርጉም ያሳጣዋል። ከፍተኛው ጫፉ፣ ዘቢዳር፣ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚወጣ ሲሆን፣ የጉመርን ደጋ አቋርጦ የሚያልፍ ሰውም ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ማግኘቱ አይቀርም። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከቆላ የመጣ ነጂ ዳገቱን በጉልበቱ ልክ ሳይሆን በሳንባው ልክ መውጣት ይገደዳል። ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፤ በልቅ ጠጠር ላይ ፍሬን በድንገት ከተያዘ የፊት ጎማ ስለሚሸሽ፣ ነጂው ፍጥነቱን ከመታጠፊያው በፊት መጨረስ አለበት። የአገሩ ሰው በእግሩ ሲወርድ የሚያደርገውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ ጭቃው ጠንክሮ አቧራው ገና ያልበዛበት ጥቅምትና ኅዳር ይመረጣሉ። መስቀል ግን፣ የጉራጌ ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ የሚገባበት ስለሆነ፣ መንገዱን በመኪና ይሞላዋል፤ ብስክሌትም በዚያ ሰሞን ባይወጣበት ይሻላል። ስንቅ ችግር አይሆንም፤ ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ በአገሩ የማይጠፋ፣ ጉልበት ሰጪና የማይሰበር ምግብ ነው፤ ክትፎው ግን ለዳገት ሳይሆን ለመድረሻ ቢተው ይመከራል። ከበድ የሚለው የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። የከተማው ጎሚስታ ቀዳዳ መለጠፍ አያቅተውም፤ ሥራው በመኪናና በባጃጅ ጎማ ላይ ስለሆነ ግን፣ ለ50 ሚሊ ሜትር የብስክሌት ጎማ የሚሆን ካላማዳሪ በመደርደሪያው ላይ ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ከቡታጅራ የሚነሣ ነጂ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ በኮርቻው ሥር አሥሮ ይነሣል።