አስፕሪንና ወደ ሳንባ የሚሄድ የረጋ ደም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ በሽታ ለመናገር መነሣታችን ያለ ቦታው የገባ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገሩ ግን ከራሳችን ስሕተት የተገኘ ስለ ሆነ፥ ሳንናገረው ከዚህ ትምህርት ቤት መውጣት አልወደድንም።

ባለፈው ዓመት የአንዱ ጓደኛችን ታላቅ እኅት በወለደች በሁለተኛው ሳምንት የግራ እግሯ ባት አብጦ ይጠዘጥዛት ጀመር። ጎረቤቶች «ብርድ ነው» ብለው በቅቤ አሹት። እኛ ደግሞ ከባዮሎጂ ትምህርት ጥቂት ቀምሰን ነበርና፥ «ብርድ አይደለም፤ ደም ረግቶ ይሆናል፤ አስፕሪን ደም ያቀጥናልና ትዋጥ» ብለን መከርን። በሽታውን ለይተን በማወቃችን ኮርተንም ነበር። በሦስተኛው ቀን በድንገት ትንፋሽ አጠራት፤ አየር ስትስብ ጎኗን እንደ ጦር ይወጋት ጀመር። ሆስፒታል እንደ ደረሰች ሐኪሙ መርምሮ፥ ከእግሯ የተነሣ የረጋ ደም ሳንባዋ ውስጥ መግባቱን ነገረን። አስፕሪን መዋጧን ስንነግረው፥ «እናንተ የሰጣችኋት ለሌላው ዐይነት ነው» አለን።

ሌላ ዐይነት አለን? ይህን ጥያቄ ይዘን መምህራችንንም መጻሕፍትንም ስንጠይቅ ከረምን።

ደም በሁለት ኀይሎች ይረጋል። አንደኛው ፕላትሌት የሚባሉት እጅግ ደቃቅ የደም ክፍሎች ናቸው፤ የደም ሥር ሲቆስል እየሮጡ መጥተው እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ሁለተኛው ፋይብሪን የሚባለው ክር ነው፤ እርሱም እንደ መረብ ተዘርግቶ ቀያዮቹን የደም ሕዋሳት ይይዛል። ከልብ ደም በሚያደርሱት ደም ቅዳዎች ውስጥ ደሙ በኀይል ስለሚሮጥ፥ በዚያ የሚረጋው ደም ይበልጡን የፕላትሌት ሥራ ነው። የልብን ደም ቅዳ ድንገት የሚዘጋው ይህ ነው። ደም ወደ ልብ በሚመለስባቸው ደም መልሶች ውስጥ ግን፥ በተለይ ሰው ተኝቶ ሲሰነብት፥ ደሙ ቀስ ይላል፤ በዚያም ሥራው የሚበዛው የፋይብሪን ነው። ከዚያ የተቈረሰው ቍራጭ በቀኝ ልብ በኩል አልፎ የሳንባን ደም ቅዳ ይዘጋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህን ጕዞ ያስረዳው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ነው።

አስፕሪን የሚይዘው ፕላትሌትን ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) አሠራሩን ገልጦ በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ፕላትሌት አስኳል የሌለው ስለ ሆነ፥ አስፕሪን አንድ ጊዜ ከያዘው እስኪሞት ድረስ፥ ማለት እስከ 10 ቀን ያህል፥ አይድንም። ይህን ስናነብ በጣም ተደነቅን፤ ሆኖም ፋይብሪን በሚበዛበት ቦታ ይህ ብቻውን አይበቃም።

ለዚያ የሚሰጡት መድኃኒቶች ሌሎች ናቸው። ሄፓሪን በመርፌ ይሰጣል። የዋርፋሪን ታሪክ ግን ከከብት በረት ይጀምራል፤ ለእኛም ከሁሉ የጣመን ይህ ነው። በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የማገጥ ዘመድ የሆነ መኖ ደርቆ ሲሻግት፥ እርሱን የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ይሞቱ ነበር። በ1933 በዊስኮንሲን አንድ ገበሬ የሞተች ጊደርና በወተት ዕቃ ሙሉ የማይረጋ ደም በበረዶ መካከል ጭኖ ካርል ፖል ሊንክ ወደሚሠራበት ቤተ ሙከራ መጣ። ሊንክና ረዳቶቹ ከብዙ ድካም በኋላ ከሻገተው ድርቆሽ መርዙን ለይተው አወጡ። ከእርሱም ዘመድ የሆነው ዋርፋሪን በ1948 መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ሆኖ ተሸጠ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሰው መድኃኒት ሆነ።

እነዚህ መድኃኒቶች በሳንባ የገባውን ለማከም መጥቀማቸው የተፈተነው በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ነው። ባሪትና ጆርዳን የተባሉ ሐኪሞች በ1960 እንዳሳተሙት፥ ሳይታከሙ ከቀሩት 19 በሽተኞች 5ቱ በዚሁ በሽታ ሞቱ፤ ከታከሙት 16 በዚህ በሽታ የሞተ አንድም አልነበረም። ሐኪሞቹም ከዚያ ወዲያ ሰውን ያለ መድኃኒት መተው ኀጢአት መሰላቸውና ለሁሉም መስጠት ጀመሩ።

አስፕሪንን ፈጽሞ እንዳንበድለው ደግሞ ይህን እንጨምራለን። በ2000 በታተመ ጥናት፥ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ የታከሙ ሰዎች በቀን 160 ሚሊግራም ለ35 ቀን ሲወስዱ የደም መርጋቱ በሢሶ ያህል ቀንሷል። በ2012 የወጡ ሁለት ጥናቶችም፥ ዋናውን ሕክምና የጨረሱ ሰዎች በቀን 100 ሚሊግራም ቢወስዱ በሽታው የሚመለስባቸው በሢሶ ገደማ እንደሚያንሱ አሳይተዋል። በ2017 ግን ሪቫሮክሳባን የሚባለው አዲስ መድኃኒት ከአስፕሪን ጋራ ተወዳድሮ በለጠ፤ በአስፕሪን ከመቶ 4.4 ሰዎች ሲመለስባቸው፥ በእርሱ ከ1.5 አልበለጡም። እንግዲህ አስፕሪን አስቀድሞ ለመከላከል ወይም ከሕክምና በኋላ ለመጠበቅ ይረዳል፤ ቍራጩ ሳንባ ሲገባ ግን የሚጠራው እርሱ አይደለም። ሐኪም ሳያዝዝ ከነዚህ መድኃኒቶች ጋራ ቢደርቡትም መድማትን ያብሳል።

አራስ ሴት ለምን እንደምትያዝም ጠይቀን ነበር። ተፈጥሮ በወሊድ ጊዜ ደም በብዛት እንዳይፈስ የእናትን ደም ለመርጋት ቶሎ የሚል ታደርገዋለች፤ ይህም ከወለደች በኋላ ሳምንታት ይቈያል። በዚያ ላይ ከመኝታ አለመነሣት ይጨመራል። ያበጠውን ባት ማሸትም ቍራጩን ሊያስነሣው ይችላል። ጎረቤቶቻችን ይህን በፍቅር እንዳደረጉት እናውቃለን፤ እኛም የሰጠነው አስፕሪን በፍቅር ነበር፤ ነገር ግን ወደ ሆስፒታል ልትሄድ የሚገባትን ሦስት ቀን አስፈጀናት።

እርሷ መጀመሪያ ሄፓሪን ተወጋች፤ ቀጥሎ ደሟ በየጊዜው እየተመረመረ ለወራት ዋርፋሪን ዋጠች፤ ሕፃኑንም ጡት አልከለከለችውም። ይህን እንድንናገር የፈቀደችልን እርሷ ናት። ልጁ በእግሩ መሄድ ከጀመረ አንድ ወር ሆኖታል፤ አሁንም በሦስተኛው ረድፍ ከእናቱ ጭን ለመውረድ ይታገላል።