በጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ውኃ የሚያቀብለው ሰው ስለምን አይወድቅም?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተነበበ ንግግር)



ከያቤሎ ወደ ሜጋ ስትሄዱ ዱብሉቅ አጠገብ ያሉትን የቱላ ጉድጓዶች ያያችሁ ብዙዎች ናችሁ። ወጣቶቹ ከውኃው እስከ አፋፉ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፤ እየዘፈኑ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። የታችኛው የሚቆመው በጨለማ፤ በእርጥብ መረገጫ ላይ ነው። ሁለቱም እጆቹ ሥራ ይዘዋል። ታዲያ ሳይወድቅ የሚያቆመው ምንድን ነው?

ጆሮው ነው። በውስጠኛው ጆሮ፤ ከመስሚያው ክፍል አጠገብ፤ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀጫጭን ቦዮችና ሁለት ከረጢቶች አሉ። ቦዮቹ የራስን መዞር፤ ከረጢቶቹ ማዘንበሉን ያስታውቃሉ። በከረጢቶቹ ውስጥ ባለው ዝልግልግ ነገር ላይ ደቃቅ ጠጠሮች ተነስንሰዋል፤ ንጥረ ነገራቸውም የኖራ ድንጋይ ዓይነት ነው። አዎን፤ ሁላችንም ጠጠር በጆሯችን ይዘን እንዞራለን!

ዋናው ሠራተኛ ግን ጠጉራሙ ሕዋስ ነው። በአናቱ ላይ ያሉት ጠጉሮች ከአጭር ወደ ረጅም እንደ ደረጃ ተሰልፈዋል። ራሳችን ሲያዘነብል ጠጠሮቹ ይንሸራተታሉ፤ ጠጉሮቹም ይጎብጣሉ። ወደ ረጅሙ በኩል ሲጎብጡ በጫፋቸው ያሉ ደቃቅ በሮች ይከፈታሉ፤ ፖታሲየም ይገባል፤ ሕዋሱም ለነርቩ ወሬ ያቀብላል። ወደ አጭሩ ሲጎብጡ ወሬው ይቀንሳል። ስዊድናዊው ያን ቬርሴል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. እነዚህ ሕዋሶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አሳየ። አንደኛው ሆዱ ሰፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ ቅል ይመስላል፤ ነርቩም እንደ ዋንጫ ዙሪያውን አቅፎታል። ሁለተኛው ቀጥ ያለ ነው፤ ነርቮቹ ከታች ብቻ ይነኩታል።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ስለ አጎቴ ነው። አጎቴ በወጣትነታቸው ከጉድጓዱ የማይጠፉ ነበሩ። በኋላ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ለወራት የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ተወጉ፤ ዳኑም። ይህ መድኃኒት በአውሮፓውያን 1943 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ እጅግ ብዙ ሰው ከሞት አትርፏል፤ ነገር ግን ጠጉራሞቹን ሕዋሶች፤ በተለይም ቅል መሰሎቹን፤ ሊገድል ይችላል። የዶሮ ሕዋስ ቢሞት በምትኩ ሌላ ይበቅላል፤ የሰው ግን እንዲያ አይተካም። አጎቴ ቀን ቀን ዓይናቸው እየመራቸው ደኅና ይሄዳሉ። ሲመሽ ግን ግድግዳ ይዘው ነው የሚራመዱት፤ የማያውቁ ሰዎችም መጠጥ ጀመሩ ብለው አሟቸው። ዛሬ ለተለመደው የሳንባ ነቀርሳ የሚታዘዘው የሚዋጥ ኪኒን ነው፤ ለእርሳቸው ግን ዘግይቶባቸዋል።

ባለፈው በጋ ዱብሉቅ ሄጄ ነበር። አጎቴ በአፋፉ ላይ ተቀምጠው ዘፈኑን ያወጡ ነበር፤ ከታች ያሉትም ይቀበሏቸዋል።