ዘርን በቤት ውስጥ አሙቆ ስለ ማብቀል

(የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



 እንዲህ ባለው በዓል ስለ ታላላቅ ነገር መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን የመረጥነው በመዳፍ መካከል የምትጠፋ ትንሽ ነገር ናት፤ እርስዋም የበርበሬ ዘር ናት። ዘርን በቤት ውስጥ በልክ አሙቆ ማብቀል ምን እንደሚጠቅምና እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት እንሞክራለን።

እንደሚታወቀው ከተማችን መራዊ ከባሕር ወለል በላይ 2ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። የቆጋ ወንዝ ከተገደበ ወዲህ በሜጫ 7ሺህ ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲለማ ስለ ተዘጋጀ፣ ስንዴው፣ ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ ጎመኑና በርበሬው በበጋም ይመረታል። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን አንድ ችግር አብሮት መጥቷል። ለክረምት ተከላ በመጋቢትና በሚያዝያ የሚፈላ ችግኝ የወሩ ፀሐይ ይበቃዋል። ለመስኖ ተብሎ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚዘራው ግን ቀኑ ብራ ቢሆንለትም ሌሊቱ ይበርደዋል፤ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚወርድበት ሌሊት አለና። እንግዲህ ገበሬው መሬት አለው፣ ውሃም አለው፤ የጎደለው ሙቀት ነው።

ለመሆኑ ሙቀት ለዘር ምን ያደርግለታል? ዘር የሞተ መስሎ ይታያል እንጂ የተኛ ሕይወት ነው፤ ስንቁንም ይዞ ነው የተኛው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ከዚያም ኢንዛይም የሚባሉት ነገሮች ስንቁን እያላሙ ለፅንሱ ምግብ ያደርጉለታል። ይህ ሥራ በብርድ ይዘገያል፣ በልከኛ ሙቀት ይፈጥናል። የታወቁ ሙከራዎች እንደሚያሳዩት የበርበሬ ዘር አፈሩ 25 ዲግሪ ሲሆን በ8 ቀን ገደማ ብቅ ይላል፤ በ20 ዲግሪ 13 ቀን ያህል፣ በ15 ዲግሪ ደግሞ 25 ቀን ያህል ይቆያል። የሚያስፈራውም መቆየቱ ብቻ አይደለም። በእርጥብና በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ብዙ የተኛ ዘር ሻጋታ ያገኘውና ይበሰብሳል። በውድ ዋጋ ዘር የገዛ ሰው መደቡ ባዶ ሲቀርበት «ዘሩ ክፉ ነው፤ ነጋዴው አታለለኝ» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ይሆናል፤ አንዳንዴ ግን ዘሩ ደኅና ሆኖ ሳለ መኝታው ነው የበረደው።

ይህ ዕውቀት ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ እንዳይመስለን። እናቶቻችን ብቅል ሲያበቅሉ ገብሱን ይዘፈዝፋሉ፣ ያጠልላሉ፣ በቅጠል ሸፍነው ድንጋይ ይጭኑበታል። ከዚያ በኋላ እጅ ቢገባበት ሞቆ ይገኛል፤ ይህም ዘሩ ሲተነፍስ የሚያወጣው ሙቀት ነው። ውሃ፣ አየርና ሙቀት በአንድነት ሲገኙ ዘር እንደሚነቃ እናቶቻችን መጽሐፍ ሳያነብቡ ያውቁ ነበር። ሌላው ዓለምም ይህንኑ ፈልጎአል። ፕሊኒዩስ የተባለው የሮም ጸሐፊ እንደ ተረከው፣ የንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ አትክልተኞች ኪያር የሚተክሉበትን መደብ በመንኰራኩር ላይ ሠርተው ወደ ፀሐይ ያወጡት፣ በብርድ ጊዜም ብርሃን በሚያሳልፍ ድንጋይ ሥር ያስገቡት ነበር። በኋላም የአውሮፓ አትክልተኞች ከመደቡ ሥር ትኩስ የፈረስ ፍግ እየቀበሩ ዘራቸውን አሞቁ። ዛሬ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዘር ማሞቂያ ሳጥን አለ።

አሁን አሠራሩን እንናገር። ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው የኤሌክትሪኩ ሳጥን ነው። ዝቅ ያለ ሳጥን ይዘጋጃል፤ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይባክን ከሥሩ ገለባ ወይም ወፍራም ካርቶን ይነጠፋል። በላዩ ለዘር ተብሎ የተሠራው የማሞቂያ ምንጣፍ፣ በምንጣፉ ላይ አፈር የያዘው ትሪ ይቀመጣል፤ ከላይ መስተዋት ወይም ነጭ ፕላስቲክ ይከደንበታል። ብዙ መብራት ይበላል ብሎ የሚሰጋ ሰው ቢኖር እናስላለት። 20 ዋት የሚወስድ ምንጣፍ ሌሊትና ቀን ሲሠራ የሚፈጀው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ 3ሺህ 500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ይህን ያህል በ8 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን በብርድ ልብስ መሸፈን ሙቀቱን ለጥቂት ሰዓት ያቆየዋል። ነገር ግን አደራ እንላለን፤ 220 ቮልትና ውሃ ጠላቶች ናቸው። ሽቦውን ሙያ ያለው ሰው ያገናኘው፤ ውሃ የሚያጠጣ ሰውም አስቀድሞ ሶኬቱን ይንቀል።

ሁለተኛው መብራት ለሌለበት አገር የሚሆነው የፍግ መደብ ነው። ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ከጭድ ጋር በተደባለቀ ትኩስ የፈረስ ወይም የበቅሎ ፍግ ይሞላል፤ ውሃ ይረጭበታል፣ በእግርም ይረገጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅግ ስለሚግል ወዲያው መዝራት ዘሩን መቀቀል ነው። ግለቱ ሲበርድ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር አፈር ይለብስና፣ አፈሩ 30 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆኑ በቴርሞሜትር ሲረጋገጥ ይዘራል። ሌሊት በሰሌን ይሸፈናል።

ሦስተኛው ገንዘብ የማይጠይቀው ነው። ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከምድጃው ራቅ አድርጎ፣ እጅን ደስ በሚያሰኝ ሙቀት ላይ ማኖር ነው። ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ይታያል፤ ነጩ ጫፍ ብቅ እንዳለ በጥንቃቄ ይዘራል።

በሦስቱም መንገድ ልክን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ35 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት የበርበሬን ዘር ይጎዳዋል። ደግሞም ሙቀት የሚሻው ዘር ሁሉ አይደለም። ቲማቲም፣ በርበሬና ደበርጃን ይወዱታል፤ ጎመንና ሽንኩርት በቀዝቃዛ አፈርም ይበቅላሉ፤ ሰላጣ ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ እንቢ ብሎ ይተኛል። ቡቃያው ብቅ ካለም በኋላ ክዳኑ ይነሣለት፤ ብርሃንም በብዛት ያግኝ። በሞቀበት በጨለማ የቀረ ቡቃያ ቀጥኖና ረዝሞ ይወድቃል። ከመተከሉ በፊት ደግሞ ሳምንት ያህል ቀስ በቀስ ከነፋስና ከፀሐይ ጋር ይለማመድ። ለሰውም ቢሆን እንክብካቤ ጊዜ አለው፤ ደጅ መውጣትም ጊዜ አለው።

ወላጆቻችን በቃላችን ብቻ እንድታምኑ አንጠይቅም። በሁለት ጣሳ አንድ ዓይነት አፈር አድርጋችሁ አሥር አሥር ዘር ዝሩ፤ ውሃቸውንም እኩል አድርጉ። አንዱን በሙቀት ላይ፣ ሁለተኛውን በቀዝቃዛ ክፍል አኑሩና በየማለዳው የበቀለውን ቁጠሩ። ልጆቻችሁ በደብተር ይጻፉት። ክርክሩን ዘሩ ራሱ ይፈርዳል።

የተወደዳችሁ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህን ርእስ የመረጥንበትን ምክንያት ሳንሸሽግ እንንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግማሽ ውጤትና ከዚያ በላይ ያገኙት ከ100 ተፈታኝ 4 አይሞሉም ነበር። እኛም ለዚሁ ፈተና የምንቀመጥ ነን፤ ሌሊትና ቀን እናጠናለን፤ ተስፋም አንቆርጥም። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ በር ያልተከፈተለት ልጅ የ12 ዓመት ትምህርቱ ሁሉ ባዶ ሆኖ ቀረ ሊባል አይገባም። በባዮሎጂ ስለ ዘር፣ በፊዚክስ ስለ ሙቀትና ስለ ዋት ተምረናል። ይህ ዕውቀት ከደብተር ወጥቶ ወደ እናታችን ጓሮ ካልገባ የማን ይባላል? በኅዳር ብርድ ደኅና የበርበሬ ችግኝ ማፍላት የቻለ ወጣት ለቤተ ሰቡ ይተርፋል፤ ለጎረቤትም ችግኝ ሸጦ ራሱን ይረዳል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ከግቢያችሁ አንዲት ማእዘን ለልጆቻችሁ እንድትሰጡ፣ መምህሮቻችንም ከትምህርት ቤቱ ቴርሞሜትር እንድታውሱን በትሕትና እንለምናለን። እኛ ከዚህ ግቢ ስንወጣ ለታናናሾቻችን የምንተወው ብዙ ሀብት የለንም። አንድ የዘር ሳጥንና የበቀለው ቡቃያ በየቀኑ የሚቆጠርበት አንድ ደብተር ብንተውላቸው ግን ከእኛ የተሻለ እንደሚሠሩበት እናምናለን።