ከነስሙ መቀበል፦ የሙት ልጅ፣ የውጭ ጉዲፈቻና የአጥቢያችን አደራ

(በሰሜን ወሎ ላስታ ወረዳ ብልባላ ለካህናት፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአሳዳጊ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ሙት ልጅ ሲነሣ በየአጥቢያው ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይቀርቡልናል። አንደኛው «ቀድሞ ልጆችን ወደ ውጭ የሚወስዱ ነበሩ፤ አሁን ለምን ቀረ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የሕፃናት ማሳደጊያ ለምን አይሠራልንም?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ጉልበታቸው የደከመ አያቶችና ጎተራቸው የጎደለ ቤተሰቦች ስለ ሆኑ ጥያቄዎቹ በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። ሁለቱም ግን ልጁን ካለበት ማንሣትን እንደ መፍትሔ ይቈጥራሉ። እኛ ዛሬ የምናሳስበው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የሙትን ልጅ መቀበል ማለት ከነስሙ፣ ከነዘመዱና ከነታሪኩ መቀበል ማለት መሆኑን ነው።

የቅዱሳት መጻሕፍትና የአባቶች ትምህርት

ሐዋርያው ያዕቆብ ንጹሕ አምልኮ ምን እንደ ሆነ ሲያስረዳ የሙት ልጆችንና መበለቶችን በመከራቸው መጠየቅን ያስቀድማል (ያዕ. 1፥27)። ዲድስቅልያም ልጅ የሌለው ክርስቲያን ወላጆቹን ያጣውን ሕፃን እንደ ልጁ አድርጎ እንዲያሳድግ ይመክራል። እንግዲህ የሙት ልጅ ጉዳይ ከውጭ በመጣ ፕሮጀክት የተጀመረ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን የቀደመ ሥርዓት የሚቈጠር ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ የምናገኛቸው አሳዳጊዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሙሴ በፈርዖን ልጅ ቤት አደገ፤ ነገር ግን ያጠባችው ወላጅ እናቱ ነበረች፤ በጐለመሰም ጊዜ ወንድሞቹን ለይቶ አወቃቸው። አስቴርን አባትና እናቷ ሲሞቱ መርዶክዮስ እንደ ልጁ አሳደጋት፤ መጽሐፉ ግን ይህን ሲናገር የወላጅ አባቷን ስም አልሸሸገም። የላስታችን ትውፊትም እንዲሁ ነው። ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ በአጎቱ በቅዱስ ላሊበላ ቤት እንደ ልጅ ማደጉ ሲተረክ የማን ልጅ እንደ ነበረ አብሮ ይነገራል። ያሳደገው ሰው ክብር የወለደውን ስም በማጥፋት አልተገኘም።

ሕዝባችንም ይህንኑ በባህሉ ጠብቆት ኖሯል። አሳዳጊው ጣቱን ማር ቀብቶ ለልጁ በማጥባት «የማር ልጅ» ወይም «የጡት ልጅ» ያደርገው ነበር። በብልባላ ጊዮርጊስ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ንቦች ሲኖሩ እያያችሁ ላደጋችሁ ለእናንተ የማርን ክብር መናገር አያሻንም። በዚያ ማር ቃል ኪዳን ይታሠር ነበር፤ ልጁ ሁለተኛ አባት ያገኝበታል እንጂ የመጀመሪያውን አያጣበትም።

ወደ ውጭ የሄዱ ልጆች

ይህን ካየን በኋላ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በአሜሪካ መንግሥት መዝገብ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ወደዚያች ሀገር ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአንዱ ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ ነበሩ። ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ጣሊያን የሄዱም አሉ። ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ ክርስቲያን ቤተሰቦች ነበሩ፤ በየአብያተ ክርስቲያናቸው የሙት ልጅን መቀበል እንደ መንፈሳዊ አገልግሎት ይሰበክላቸው ነበር። በፍቅር ያሳደጉ፣ ያስተማሩ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ሀገራቸውን ሊያሳዩ የመጡ ብዙዎች ናቸው። ይህን መካድ ከእውነት መራቅ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ እየሰፋ ሲሄድ ገንዘብ ገባበት። ቤተሰብ ለልጅ መፈለጉ ቀርቶ ልጅ ለቤተሰብ ይፈለግ ጀመር። በዓለም አቀፍ ቈጠራ «ወላጅ አልባ» የሚባለው አንድ ወላጁን ያጣውም ጭምር ስለ ሆነ እናቱ በሕይወት ያለች ልጅ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ጉዳዩ የሚመለከተው ሚኒስቴር በቀን የሚያያቸውን የጉዲፈቻ ፋይሎች ከአምስት እንዳይበልጡ አደረገ። በዚያው ዓመት በግንቦት በአሜሪካ ዋሺንግተን ግዛት አንዲት ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ግቢ በረሃብና በብርድ ተጐድታ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም እ.ኤ.አ. በ2013 በፍርድ ቤት ጥፋተኞች ተባሉ። በመጨረሻም ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ልጆች በውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ መሰጠታቸውን አስቀረ። በሩ የተዘጋው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

ከገንዘቡም ከጭካኔውም ይልቅ በጥልቅ ልናስተውለው የሚገባን ግን የቃል አለመግባባቱ ነው። በእኛ ሕግ ማለትም በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የጉዲፈቻ ልጅ ለአሳዳጊው እንደ ተወላጅ ልጅ ይቈጠራል፤ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም እንደ ተጠበቀ ይቆያል። በአሜሪካ ግን ለልጁ የአሳዳጊዎቹ ስም የተጻፈበት አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣለታል፤ የቀድሞው ዝምድናም በሕግ ፊት ያበቃል። በአንድ ወረቀት ላይ የፈረሙ ሁለት ወገኖች ሁለት የተለያየ ነገር ተረድተው ተለያዩ ማለት ነው።

በሥራችን ካገኘናቸው መካከል አንዲት አያት አሉ። ልጃቸው ሁለት ሕፃናት ትታ ስታርፍ ታናሹን በሰው አማካይነት ወደ ውጭ ሰጡ። ወረቀቱ ሲቀርብላቸው አላነበቡትም፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ሁለት ዓመት ፎቶግራፍ መጣላቸው፤ ከዚያ ቀረ። «እኔ የሰጠሁ መስሎኝ አይደለም፤ አደራ ያልኩ መስሎኝ ነው» አሉን። ከእኛ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁ ዛሬ በማን ስም እንደሚጠራ። ጸሎት ሲያደርሱ በክርስትና ስሙ ይጠሩታል፤ እርሱ ግን ያን ስም ይወቀው አይወቀው የሚነግራቸው የለም።

ልብ በሉ! አያት «አደራ» ብለው የተረዱትን ተቀባዩ «ስጦታ» ብሎ ተረዳው። ስጦታ ተመልሶ አይጠየቅም፤ አደራ ግን ይጠየቃል። የሙት ልጅ አደራ ነው ስንል ይህን ማለታችን ነው።

ማሳደጊያ ወይስ ቤተሰብ?

ሁለተኛው ጥያቄ የማሳደጊያ ጉዳይ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ምእመን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ለመሳለም ወደ ወሎ መጡ። በመንገድ ረሃብ ያረገፈውን ሕዝብ አይተው ማለፍ አልቻሉም፤ ሁለት ሕፃናትን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው የነበሩት ልጆች 21 ደረሱ። እኚህ እናት በ2013 ዓ.ም. ያረፉት አበበች ጎበና ናቸው። ስማቸው የሚነሣው ስለ ሠሩት ትልቅ ድርጅት ቢሆንም መነሻቸው ግን የራሳቸውን ቤት መክፈታቸው ነው። ዘመድ ሁሉ በረሃብ ላለቀበት ልጅ ማሳደጊያ መጠለያ ሆኗል፤ ወደፊትም ለአንዳንዱ ልጅ ያስፈልጋል። አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ የክርስትና አባትና እናት እያሉ ግን ልጅን ወደ ተቋም መስደድ የመጀመሪያ ሳይሆን የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይገባል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም የሚያዝዘው ይህንኑ ነው።

ቤተሰብ ይሻላል ስንል ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ፈቃዳቸውን ጠይቀን የአንድ ቤተሰብን ነገር እናካፍላችሁ። አራት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ የሚስቲቱ እኅት ሁለት ልጆች ወደ ቤታቸው ገቡ። በመጀመሪያው ዓመት ታናሹ ልጅ ቆሎና የእንጀራ ፍርፋሪ ከመኝታው ሥር እየደበቀ ያስቸግር ነበር። የቤቱ ልጆች «ሌባ» አሉት። እናቲቱ ግን አልገሠጹትም፤ ትንሽ ሙዳይ ሰጥተው «ይህ የአንተ ነው፤ ሲጎድል እኔ እሞላዋለሁ» አሉት። ወራት ካለፉ በኋላ ሙዳዩን መክፈት ተወ። የራበው ሆዱ ብቻ እንዳልነበረ ያወቁት እናቲቱ ናቸው።

ሁለተኛው ፈተና ከብት ማገድ ነበር። ማን ትምህርት ቤት ይሂድ? ማንስ ከብት ይከተል? አባወራው ልጆቹን ሁሉ በተራ መደቡ፤ የሙት ልጆቹን ለይተው እረኛ አላደረጉም። ሦስተኛው የሟች ወላጆች መሬት ነበር። የይዞታ ደብተሩ በልጆቹ ስም እንዲሆንና ሞግዚቱ በሕግ እንዲታወቅ እስኪደረግ ድረስ ዘመድ ከዘመድ ተቀያይሞ ነበር። ዛሬ መሬቱ እየታረሰ የልጆቹ ድርሻ በሽማግሌ ፊት ይለካል። ይህን ያደረጉት ሀብታም ስለ ሆኑ አይደለም፤ አደራ መሆኑን ስለ ተረዱ ነው።

ከአጥቢያችን የሚጠበቀው

እንግዲህ በተግባር ምን እናድርግ? በአራት ነገሮች ላይ ብንስማማ መልካም ነው።

አንደኛ፥ የክርስትና መዝገብ ይኑረን። ወንዱ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም፣ የወላጆች ሙሉ ስም፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ስም፣ ጎጡና ቀኑ ይጻፍ። በሀገራችን የልደት ምዝገባ በስፋት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ማንነቱን የሚያገኘው ወይ በሰው ትዝታ ወይ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ወደ ውጭ የሄዱት ልጆች ዛሬ ለአካለ መጠን እየደረሱ ወላጆቻቸውን ፍለጋ ይመጣሉ። አንዱ ነገ በዚህ ደጅ ቢቆም ከመዝገቡ ስሙን አውጥተን ልንሰጠው ይገባል። ጥርጣሬም ይሁን ገንዘብ መጠበቅ በፊታችን አይታይ፤ የጠፋ ልጅ እንደ ተገኘ ደስ ይበለን።

ሁለተኛ፥ ማሳደግን በሕግ እናጽና። ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ሲጸድቅ የልጁ አስተያየት ይሰማል፤ ውርሱና መብቱም ይጠበቃል። ጉዲፈቻ ላልሆነውም የሞግዚትነት ማስረጃ ይውጣ። በሴፍቲኔትም ሆነ በሌላ ድጋፍ መዝገብ ላይ ልጁ ከቤተሰቡ ጋር ይቈጠር። ዝርዝሩን በወረዳው ፍርድ ቤትና በሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል፤ እኛም ማመልከቻ በመጻፍ እናግዛለን።

ሦስተኛ፥ በማሳደግ ስም ማገልገል ይቅር። የቤተሰብ ሕጋችን ጉዲፈቻ እንዳይፈርስ ይደነግጋል፤ ነገር ግን አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ አኳኋን ካሳደገው ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል። የሩቅ ሀገር አሳዳጊዎችን ጭካኔ ስንሰማ እናለቅሳለን። በአጠገባችን ሌሎች ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ውኃ ለምትቀዳው የሙት ልጅም ልናለቅስ፣ ከልቅሶም አልፈን ልንናገርላት ይገባናል። የንስሐ አባቶች ይህን ጥያቄ በየቤቱ እንድታነሡ በትሕትና እንለምናለን።

አራተኛ፥ አሳዳጊ ቤተሰብ ብቻውን አይተው። ሰንበቴውና ጽዋ ማኅበሩ አስቀድሞ አለን። በወር አንድ ጊዜ ስንሰበሰብ ከምንበላው ጥቂት ቀንሰን ለደብተርና ለልብስ ብናደርገው፣ በክረምት ለአያቶች ማሳ ደቦ ብንወጣ፣ ከበግ አንዲት ግልገል ለልጁ በስሙ ብንሰጠው ማንም አይደኸይም። የክርስትና አባትና እናትም በጥምቀት ቀን የተቀበሉት ልጅ ወላጅ ሲያጣ ቀድመው ሊደርሱለት የሚገባቸው እነርሱ መሆናቸውን ያስቡ።

የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች፥ ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር ሰጣት፤ ዮሐንስም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ. 19፥27)። ገንዘብ ሳይቈጥር፣ ጊዜም ሳይቀጥር ወሰዳት። ከዚያ ወዲያም እናቱ ሆና ሳለ የጌታ እናት መባሏ አልቀረም። የተቀበልነውን ልጅ በቤታችን ልጃችን ብለን እንጥራው፤ ወላጆቹም በሙታን መታሰቢያ ጸሎት በስማቸው ይታሰቡ።

የአባቶቻችን አምላክ ለልጆቹ ማደጊያ፣ ለአሳዳጊዎቹም ጽናት ይስጥልን። የሄዱትንም ባሉበት ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።