ደብተሩ ባዶ ሆኖ ስለሚመጣው ልጅ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በትምህርት ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ታክሲ ተሳፍራችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት ተነሥታ፣ «ልጄ ደብተሩ ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ ምን ተማርክ ስለው በቆርኪ ስንጫወት ዋልን ይለኛል» ማለቷን ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት አባሎቻችን ልጆቻቸውን ወደ ግል ትምህርት ቤት ለማዛወር ከቁጠባው ብድር ጠይቀዋል። ብድሩ ይከልከል አንልም፤ መብታቸው ነው። ብቻ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ያየነውን ስሙን።

መምህርቷን አስፈቅደን አንድ 1ኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ጠዋት ተቀመጥን። ልጆቹ 64 ናቸው። ዴስኮቹ ፊት ለፊት ተገጣጥመው አራት ጥግ ሆነዋል፤ አንዱ የቁጥር፣ አንዱ የፊደል፣ አንዱ የመለኪያ፣ አራተኛው መምህርቷ ራሷ የምትቀመጥበት የንባብ ጥግ ነው። በየጥጉ 16 ልጅ አለ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ስለሆነ በቀን ሁለት ጥግ ብቻ ይዳረሳል፤ የቀረው ለነገ ነው። መምህርቷ ስታጨበጭብ ይዞራሉ። ጫጫታ አለ፤ አንክድም።

የቁጥሩ ጥግ ላይ ጭራሮ አለ። አሥር አሥሩ በክር ታስሯል። ከ32 ላይ 17 ቀንስ የተባለው ልጅ ሦስት እስርና ሁለት ነጠላ ይዟል። ሰባት ነጠላ ሊያነሣ ፈለገ፤ አልበቃውም። ትንሽ አሰበና አንዱን እስር ፈታው። አሁን ነጠላው 12 ሆነ፤ ሰባቱን አነሣ፣ አምስት ቀረው፤ ከሁለቱ እስር ደግሞ አንዱን አነሣ፤ 15። እኛ በልጅነታችን «አንድ ተበደር» ተብለን ከማን እንደምንበደር ሳይገባን ያለፍነው ነገር ይኸው ነው። ልጁ የተበደረውን በእጁ ፈቶ አይቶታል። ደብተሩ ላይ ግን ምንም የለም፤ ጭራሮ ወደ ቤት አይመጣም።

ከእኛ መካከል ጉሊት የምትሸጡ ታውቁታላችሁ። መልስ ሳትሳሳት የምትሰጥ ልጅ ሰሌዳ ፊት ስትቆም ዝም ትላለች። ሒሳቡ ጠፍቷት አይደለም፤ ሽንኩርቱና ብሩ ከፊቷ ስለሌሉ ነው።

በእጅ መማር ለአካባቢያችን አዲስ ነገር አይደለም። ሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራን ልጆች በስድስት ነጥብ የተሠራውን የብሬል ፊደል በጣታቸው እየዳሰሱ ስንት ዘመን አንብበዋል። ከዚያ ወጥተው ለታላቅ ደረጃ ሲበቁ «እጃቸው ሲጫወት ዋለ» ያላቸው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሦ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ልጆቻችን ሀ ሁን በዜማ ይወጡታል፤ ከመሐል «ቱ»ን ብትጠቁሙት ግን ከ«ተ» ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኛትም። ፊደል የተጻፈበት ቆርኪ ይህን ዜማ ይሰብራል፤ ልጁ አንድ በአንድ አንሥቶ ቃል ይገጥማል። በአፋን ኦሮሞ ለሚማሩትም ይሠራል፤ በቁቤ አናባቢው ሲደገም ድምፁ ይረዝማል፣ ትርጉሙም ይለወጣል። ልጁ አንድ ቆርኪ ጨምሮ ለውጡን በጆሮው ይሰማል።

ከሁሉ የበለጠው ጥቅም ግን አራተኛው ጥግ ላይ ነው። ሦስቱ ጥግ በራሱ ሲሠራ መምህርቷ ከ64 ልጅ ጋር ሳይሆን ከ16 ጋር ትቀመጣለች። እያንዳንዱን ታስነብባለች። ከኋላ ዴስክ ተደብቆ ዓመቱን የሚጨርሰው ልጅ እዚያ መደበቂያ የለውም። በግል ትምህርት ቤት ከፍለን የምንፈልገው ይህንኑ አይደለም እንዴ?

ችግሩ ዕቃው ነው። ቆርኪው ይጠፋል፣ ጭራሮው ይሰበራል፣ መምህርቷ ማታ ማታ ቤቷ ቁጭ ብላ ትጽፋለች። ዕቃ ያልተዘጋጀ ዕለት ጥጉ እውነትም ጨዋታ ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ቅሬታው ትክክል ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። የሱሉልታ እናቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮ በስንዝር ቆርጣችሁ አምጡ። የቡራዩዎች ባለ ግማሽና ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ፣ አጥባችሁ። ቆርኪ ከሰበታ ይምጣ፤ የቢራ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ቆርኪ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል? ጠርዙ ጣት ስለሚቆርጥ ሁሉም ተቀጥቅጦ ይደፋ። ከማኅበሩ ካዝና የምንፈልገው የቀለም፣ የክርና የአራት ምንጣፍ ዋጋ ብቻ ነው፤ ዛሬ ድምፅ ስጡበት። ብድር የጠየቃችሁት ሁለት እህቶች ደግሞ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ጠዋት ከእኛ ጋር ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ፤ መምህርቷ ፈቅዳለች።

ሥራው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀመራል። መዶሻ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ያለን ሁለት ብቻ ነው።