ለሙቀት መለኪያ ስም ስለ ማውጣት



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲባል እንሰማለን። በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ውስጥ ላሉት የሙቀት መለኪያዎች ግን ስም የሚያወጣላቸው ሰው ነውና ጥንቃቄ ያሻዋል።

በዛሬው ፕሮሰሰር ውስጥ አራት፣ ስምንት ወይም ከዚያ የበለጡ ኮሮች ጥፍር በምታህል ገጽ ላይ ተቀራርበው ይሠራሉ። ሥራ የበዛበት ኮር ይግላል፤ ሥራ የፈታው ይቀዘቅዛል። ስለዚህም በብዙዎቹ ዘንድ በየኮሩ አጠገብ መለኪያ ተተክሎ ይገኛል። ነገር ግን ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት እምብርት፣ ይኸውም ከርነሉ፣ መለኪያው የት እንደ ተተከለ ከራሱ ሊያውቅ አይችልም። በብዙ የእጅ ስልኮችና አነስተኛ ኮምፒዩተሮች ይህን የሚነግረው ዲቫይስ ትሪ የተባለው የመሣሪያ መዝገብ ነው። በዚህም መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱ የሙቀት ክልል የራሱ ስም አለው።

የስሙ ደንብ እነሆ። በፊደል ይጀምራል፤ «ተርማል» በሚለው ቃል ያበቃል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም በጠቅላላው ከ19 ምልክት አይበልጥም። ኮሮቹ የሚቆጠሩት ከዜሮ ስለ ሆነ የመጀመሪያው «ሲፒዩ0-ተርማል»፣ ስምንተኛው «ሲፒዩ7-ተርማል» ሊባል ይችላል። ከስሙ በታች የሙቀቱ ወሰን በዲግሪ ሴንቲግሬድ ሺኛ ይጻፋል፤ 95 ዲግሪ 95000 ተብሎ ማለት ነው። አንዱ ወሰን ሲታለፍ ኮሩ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ይታዘዛል፤ የመጨረሻው ሲታለፍ መሣሪያው ጉዳት ሳያገኘው ይዘጋል።

ታዲያ ስሙ ቢሳሳት ምን ይጐዳል? እርግጥ ነው፤ ከርነሉ መለኪያውን የሚያገኘው በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ስሙን አንብቦ የሚያምነው ግን ሰው ነው። ከዜሮ ፈንታ ከአንድ የቆጠረ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ኮር መለኪያ «ሲፒዩ1» ብሎ ቢሰይመው፣ ከኋላው የመጣው ጓደኛው ስሙን አምኖ የማቀዝቀዣውን ትእዛዝ በሁለተኛው ኮር ላይ ይጽፋል። ያን ጊዜ ያልጋለው ይቀጣል፤ የጋለው እየባሰበት ይሄዳል። ስሙን እያነበቡ የሚሠሩ ፕሮግራሞችም ስላሉ፣ ስሕተቱን ዘግይቶ ማረም እነርሱን ደግሞ ያደናግራል።

ስለዚህ ይህን መዝገብ የምትጽፉ ወጣቶች ሆይ፤ ከመሰየማችሁ በፊት የፋብሪካውን ሰነድ ተመልከቱ። ቀጥሎም አንዱን ኮር ለብቻው በሥራ አስጨንቃችሁ የትኛው መለኪያ ቀድሞ ከፍ እንደሚል ፈትኑ። ስም የሚጸናው በምስክር ነውና።